ተጫዋቹ በማን ወገን ይቆማል? ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ጥበብነትና ስለ ሰቆጣ ስም

የሥነ ጽሑፍ መምህር ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ሂስ ልጻፍ ሲል በመጀመሪያ የሚቀርብለት ጥያቄ «ይህ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሥነ ጽሑፍ የሆነው?» የሚል እንደሚሆን የታወቀ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በከተሞቻችን ቪዲዮ ጨዋታ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሩ ላይ መጋረጃ የተንጠለጠለበት፣ ወጣቶች በየጨዋታው እየከፈሉ በፕሌይስቴሽን ኳስ የሚጫወቱበትን ጠባብ ክፍል ነው። ወላጆች ልጆቻቸው ከትምህርት ቤት እየቀሩ እዚያ እንደሚውሉ ያማርራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ይሁን እንጂ የእኔ ትውልድ ልብ ወለድ ሲያነብ ሲገኝ «ሥራ ፈት» እየተባለ ያደገ መሆኑን ስናስታውስ፣ አንድን የፈጠራ ዘርፍ በሚውልበት ቦታ ብቻ መፍረድ እንደማያዛልቅ እንረዳለን።

ይህ ጽሑፍ ቪዲዮ ጨዋታ ሁሉ ጥበብ ነው ብሎ አይከራከርም። የሚያነሳው ጉዳይ ከዚህ የጠበበ ነው። በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «አንጻር» የምንለው፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዓይን ይታያል የሚለው ጥያቄ፣ በቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ከዓይን አልፎ ወደ እጅ ይወርዳል። በልብ ወለድ አንባቢው በአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይን ያያል፤ በጨዋታ ተጫዋቹ በዚያ ገጸ ባሕርይ እጅ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ስለ ሰው ልጅ የሚለውን መመርመር የሚሻ ሐያሲ፣ ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ ከመጠየቁ በፊት የማን እጅ እንደሚንቀሳቀስና የማን እጅ እንደታሰረ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ጥያቄ በተወለድኩበት በዋግ ኽምራ፣ ይልቁንም በሰቆጣ ስም ላይ ሲነሳ የንድፈ ሐሳብ ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ጥበብ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በውጭው ዓለም ብዙ ቀለም ፈስሶበታል። አሜሪካዊው የፊልም ሐያሲ ሮጀር ኢበርት በ2010 እ.ኤ.አ. ቪዲዮ ጨዋታ ፈጽሞ ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ጨዋታ ይሸነፍበታል፣ ይረታበታል፤ ጥበብ ግን የሚኖሩበት እንጂ የሚያሸንፉበት አይደለም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት ግን ያልተጫወተውን ነገር መተቸት እንዳልነበረበት አምኗል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2012 እ.ኤ.አ.፣ የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ፓክማንና ቴትሪስ የሚገኙባቸውን 14 ጨዋታዎች ከስብስቡ ውስጥ አስገባ። ሙዚየም ስላስገባው ጥበብ ሆነ ማለት አይደለም። ሆኖም ከኢበርት ክርክር ሥር ያለው ፍራቻ፣ ተመልካቹ እጁን ካስገባ የደራሲው ሥልጣን ይጠፋል የሚለው፣ ለእኛ ባህል እንግዳ ነው። አዝማሪ «ተቀበል» ሲባል ግጥሙን የሚሰጠው አድማጩ ነው፤ አዝማሪው በዜማና በመሰንቆ ያስጌጠዋል። በዚያች ሰዓት ደራሲው ማን ነው? አድማጩ እጁን በማስገባቱ የአዝማሪው ጥበብ አልጠፋም፤ እንዲያውም የአዝማሪው ችሎታ የሚለካው አድማጩ የሰጠውን ተቀብሎ በሚሄድበት መንገድ ነው።

ከዚህም አልፎ ደንብ ራሱ ይናገራል። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣና ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሁለት ጥናቶች አሳትመው ነበር። ሰንጠረዥ፣ ባላባቶቻችን ይጫወቱት የነበረው የቼዝ ዓይነት፣ በሌላው ዓለም የማይታወቅ አንድ ደንብ ነበረው። ጨዋታው ሲጀመር ተራ አይጠበቅም፤ ሁለቱም ወገኖች እኩል በየፊናቸው ሠራዊታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው ምርኮ ሲወሰድ ነው ተራ የሚገባው። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። ጦርነት ከመታወጁ በፊት ሁሉም በራሱ ፍጥነት እንደሚሰለፍ፣ ደም ከፈሰሰ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ተቆጥሮ እንደሚመለስ ከዚህ ደንብ የተሻለ የገለጸ ድርሰት አላውቅም። ገበጣንም እንመልከት። በልጅነቴ ከብት ስንጠብቅ መሬት ጫር ጫር አድርገን፣ ጠጠር ካጣን የፍየል በጠጥ እየለቀምን እንጫወተው ነበር። ተጫዋቹ ከራሱ ጉድጓድ ያነሳውን ሲዘራ የራሱን ቤቶች ብቻ እየመረጠ አይደለም፤ ጠጠሩ ካላለቀ በባላጋራውም ቤት እየዘራ ያልፋል። ለማሸነፍ የሚጫወት ሰው ለተቃዋሚው እየዘራ እንዲሄድ ያስገደደው ማን ነው? ደንቡ ነው። 

በመሆኑም በቅኔ ቤት አነጋገር የጨዋታ ሰሙ ሥዕሉና ታሪኩ፣ ወርቁ ደንቡ ነው ብል ብዙ የሳትኩ አይመስለኝም። አዲስ አበባ ላይ በዳዊት አብርሃም የተመሠረተው የጨዋታ ሠሪዎች ቡድን ራሱን «ቅኔ» ብሎ መሰየሙ በአጋጣሚ ነው ብዬ ልለፈው አልፈልግም። ይህ ቡድን ገበጣን ወደ ስልክ አምጥቶታል፤ ከዚያ በፊት ደግሞ «ኩኩሉ»ን አውጥቷል። በኩኩሉ ተጫዋቹ ከመታረድ የምትሸሽ ዶሮ ነው። በዓውደ ዓመት ዋዜማ ሁላችንም ከቢላዋው ጀርባ ባለን ወገን የምንቆም ስለሆንን፣ የዶሮዋን እግር ለእኛ መስጠቱ ትንሽ ብትሆንም የቅኔ ሽሙጥ አላት። ይሁን እንጂ ወርቁ የተዋስነው ነው። መሮጥ፣ መዝለል፣ ሳንቲም መልቀም፣ እስኪደናቀፉ ድረስ መቀጠል፤ ይህን ደንብ ከ«ቴምፕል ረን» ጀምሮ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሰሙን አገርኛ ማድረግ ከባድ አይደለም፤ ጎጆና ሌማት መሣል ይበቃል። ወርቁን አገርኛ ማድረግ ነው ሥራው።

ወደ ሰቆጣ ስም ልመለስ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከሰቆጣ በስተምሥራቅ ከምትገኘው ከኮረም፣ ጋዜጠኛው ማይክል በርክና ፎቶግራፍ አንሺው መሐመድ አሚን ለቢቢሲ ያስተላለፉት ፊልም ዓለምን አንቀሳቅሷል። ያ ፊልም ብዙ ሕይወት እንዲድን ምክንያት ሆኗልና ማንም በቀላሉ ሊነቅፈው አይገባም። ነገር ግን በዚያ ፊልምና ከእርሱ በኋላ በመጡት ሥዕሎች ሁሉ የዋግ፣ የላስታና የራያ ሰው ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ሆኖ ቀርቷል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2007 ዓ.ም.፣ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» አለው። ዓላማው የሚደገፍ ነው። ቢሆንም የዋግሹሞቹ ከተማ፣ የውቅር መስቀለ ክርስቶስ አገር፣ ከዛግዌ ጀምሮ በታሪክ የሚጠራው የአገው ምድር፣ በዓለም መድረክ ስሙ የሚነሳው በመቀንጨር ጉዳይ መሆኑ ለተወላጁ የሚያስተክዝ ነው።

ይህ ምስል በጨዋታ መልክ የመጣልኝ በ1999 ዓ.ም. ግድም፣ ተማሪ ሳለሁ፣ በዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ነበር። «ፉድ ፎርስ» ይባላል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በ2005 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ያዘጋጀውና በነጻ ያደለው ጨዋታ ነው፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ተጫውተውታል። ታሪኩ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ «ሼይላን» በተባለች የፈጠራ ደሴት ይፈጸማል። ድርቅና የእርስ በርስ ጦርነት ደርሶባታል። ተጫዋቹ ስድስት ተግባራትን ይወጣል። በሄሊኮፕተር ሆኖ የተራበውን ሕዝብ ይቆጥራል፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ዘይት፣ ስኳርና አዮዲን ያለበት ጨው መጥኖ በአንድ ሰው በቀን ከ30 የአሜሪካ ሳንቲም በማይበልጥ ወጪ ምግብ ያዘጋጃል፤ ከአውሮፕላን እህል ይጥላል፤ ከዓለም ገበያ እህል ያፈላልጋል፤ በካሚዮን ፈንጂ ያለበትን መንገድ ያቋርጣል፤ በመጨረሻም ለአንድ መንደር መልሶ ማቋቋሚያ የሚውለውን እርዳታ ያከፋፍላል።

ከመካከላቸው እህል የመጣሉ ክፍል አስቸግሮኝ ነበር። ነፋሱን ለክቶ፣ ጊዜውን ጠብቆ መልቀቅ ያስፈልጋል፤ ሦስት ጊዜ ስቻለሁ። በ1977 ዓ.ም. የእንግሊዝና የምዕራብ ጀርመን የጦር አውሮፕላኖች በሰሜን ደጋዎች እየተንሳፈፉ እህል ይጥሉ ነበርና፣ ያን ዓመት እኔ የአንድ ዓመት ልጅ ሆኜ ከታች ነበርኩ፤ አሁን ከላይ ሆኜ እጥላለሁ ብዬ በልቤ ሳቅሁ። ሳቁ ቶሎ ጠፋ። ከታች ያሉት ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ለማየት ብፈልግ ጨዋታው የሚያሳየኝ ነገር አልነበረውም። በስድስቱም ክፍሎች ውስጥ የሼይላን ሰው አንዲት ውሳኔ አይወስንም። ይቆጠራል፣ ይመጠንለታል፣ ይጣልለታል፣ ይከፋፈልለታል። ሰሙ ርኅራኄ ነው፤ የሰሙን ቅንነት አልጠራጠርም። ወርቁ ግን የተራበ ሰው እጅ የለውም ይላል። ይህንንም የሚለው በቃል ስላልሆነ፣ ልጆች ይህን እየተማሩ መሆናቸውን ሳያውቁ ይማሩታል።

እናቴ የዚያን ዓመት ነገር ስትነግረኝ የምሰማው ከዚህ የተለየ ነው። የእርሷ ትረካ ከጫፍ እስከ ጫፍ ውሳኔ ነው። ፍየሎቹ በመጀመሪያ ተሸጡ፤ አህያዋ እህል ስለምታመላልስ ቆየች፤ የበሬ ዋጋ ወድቆ የእህል ዋጋ ሰማይ በወጣበት ገበያ አንዱ በሬ ሲሸጥ ሁለተኛውን ስለ መጪው እርሻ ሲሉ አስቀሩት፤ ሣር ሲጠፋ እርሱም ሄደ። የዘር ገብሱ ግን አልተነካም። ወደ ኮረም እንሂድ የሚባልበት ቀን ሲደርስ ዘሩን የሚጠብቅ ሰው መተው ነበረባቸውና አያቴ እኔ እቀራለሁ አሉ። እናቴ እኔን አዝላ ስትወጣ በጋኑ ውስጥ እህል እንዳለ እያወቀች ነው የወጣችው። ከልጅነቴ ጀምሮ ይህን ስሰማ «ታዲያ ለምን አልበላችሁትም?» እላት ነበር። ሁልጊዜ የምትመልስልኝ «ከዚያ ወዲያስ?» ብላ ነው።

ይህ የእናቴ ብልሃት ብቻ አይደለም። አሌክስ ደ ዋል በዚያው ዘመን በዳርፉር የደረሰውን ረሃብ አጥንተው በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ገበሬዎቹ መሬታቸውን፣ ዘራቸውንና ከብታቸውን ለማትረፍ ሲሉ መራብን ይመርጡ እንደነበር አሳይተዋል። ረሃብ እንግዲህ ከውጭ ለሚያየው ዝምታና መቀመጥ ሲሆን ውስጡ ላለው ሰው ማቆሚያ የሌለው ሒሳብ ነው። ከዚህ ዓይነቱ ሒሳብ የበለጠ ለጨዋታ የሚስማማ ጉዳይ የለም፤ ጨዋታ ማለት በጥቂት ነገር ብዙ መምረጥ ነውና። የፉድ ፎርስ ደራስያን ግጭቱን የፈለጉት በሰማይ ነው፤ ግጭቱ የነበረው በጋኑ ዙሪያ ነው።

አንጻሩን ወደ ታች ለማውረድ የሞከሩ አሉ። በ2006 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሱዛና ሩይዝና ጓደኞቿ በተማሪነታቸው የሠሩት «ዳርፉር ኢዝ ዳይንግ» ተጫዋቹን ከመጠለያ ጣቢያ ቤተሰብ ጋር ያቆመዋል። ውኃ ለመቅዳት ከቤተሰቡ ማን ይውጣ? ተጫዋቹ ይመርጣል፤ የላከውም ሰው ላይመለስ ይችላል። ሥዕሉ ተራ ነው፣ ጨዋታውም አጭር ነው፤ ያቺ ምርጫ ግን አንድ ምዕራፍ ልብ ወለድ ታህላለች። (በነገራችን ላይ ይህ ጨዋታ የተሠራው ፍላሽ በተባለው ፕሮግራም ነበር። ፕሮግራሙ በ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ሲቋረጥ እንዲህ ያሉ በርካታ ጨዋታዎች እንደ ቀድሞው የማይከፈቱ ሆኑ። ብራና ስንት መቶ ዓመት እንደሚቆይ የምናውቅ ሰዎች በዚህ ላይ የምንለው ይኖረናል።)

ከሁሉም የበሰለ ሆኖ ያገኘሁት ግን የፖላንዶቹ «ዚስ ዎር ኦቭ ማይን» ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን መነሻው የሳራዬቮ ከበባ ነው። ስለ ጦርነት ከሚሠሩት ጨዋታዎች አብዛኞቹ ተጫዋቹን ወታደር ያደርጉታል፤ በዚህኛው ተጫዋቹ በፈራረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ተራ ሰዎችን ያኖራል። ሌሊት አንዱ ወጥቶ ምግብና መድኃኒት ይፈልጋል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ይገኛሉ፤ ጓዳቸው ሙሉ ነው፤ መከላከልም አይችሉም። ቢሰርቋቸው ደንቡ አይከለክልም፣ ነጥብም አይቀንስም። ነገር ግን የሰረቀው ሰው ወደ ቤት ተመልሶ ያዝናል፣ ሥራ ያስጠላዋል፤ ሐዘኑ ወደ ጓደኞቹ ይዛመታል። ስለ ጸጸት የሚሰብክ ቃል የለም፤ ጸጸት ደንብ ሆኗል። የፖላንድ መንግሥት በ2020 እ.ኤ.አ. ይህን ጨዋታ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩት የንባብ ሥራዎች ዝርዝር ውስጥ እንዲገባ ሲያስታውቅ ብዙ ሰው ተገርሟል። እኔ አልተገረምኩም። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዋግ ኽምራ ገብቶ፣ ከአበርገሌና ከጻግብጂ የተፈናቀለው ሰው ሰቆጣ ሲጠለል፣ ስለዚያ ወቅት የተነገሩትን ስሰማ ያስታወስኩት ልብ ወለድ ሳይሆን ይህን ጨዋታ ነበር። ባዶ ቤት ያገኘ ሰው ምን ይወስዳል? ምን ይተዋል? ለባለቤቱ ሲመለስ ምን ይለዋል?

የቋንቋውም ነገር አለ። አላስካ ውስጥ የነባር ሕዝቦች ተቋም ከጨዋታ ሠሪዎች ጋር ተጣምሮ በ2014 እ.ኤ.አ. «ኔቨር አሎን» የተባለውን ጨዋታ አወጣ። መሠረቱ የኢኑፒያት ሽማግሌዎች ተረት ነው፤ ተራኪውም በራሳቸው ቋንቋ ይተርካል፤ ሌላው ዓለም የግርጌ ጽሑፍ እያነበበ ይከተላል። ተጫዋቹ ኑና የተባለች ልጅና አንዲት ነጭ ቀበሮ ናቸው። አንዷ ብቻዋን የትም አትደርስም። ኽምጣና ተናጋሪ ልጆች በራሳቸው ቋንቋ የሚተረክ አንድ ጨዋታ እንኳ አላየሁላቸውም፤ ተረቱ ግን በየቤቱ አለ። «እነማን ይሠሩታል?» ለሚል፣ የደቡብ ሱዳኑን ልዋል ማየንን መጥቀስ ይቻላል። ያደገው በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ጣቢያ ነው። እናቱ ሦስት ዓመት አጠራቅማ በ300 ዶላር ኮምፒዩተር ገዛችለት፤ እርሱም ባትሪውን ለመሙላት በእግሩ ሰዓታት እየተጓዘ ጨዋታ መሥራትን ለብቻው ተማረ። «ሰላም» በተባለው ሥራው ተጫዋቹ ከጦርነት የሚሸሽ ስደተኛ ነው። የመብራት እጥረት ያለባቸው የዋግ ወረዳዎች ከዚያ ጣቢያ የባሱ አይደሉም።

ጨዋታ ማኅበራዊ ለውጥ ያመጣል በሚለው ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ጨዋታ ዝናብ አያዘንብም፣ የተከዜን ውኃ ወደ ደጋ አያወጣም። ሊለውጥ የሚችለው ተጫዋቹ በሥዕሉ ውስጥ ስላለው ሰው ያለውን ግምት ነው፤ ይህም ቢሆን ደንቡ ከተለወጠ ብቻ ነው። በደጋፊ ተቋም ገንዘብ እየተሠሩ፣ መጨረሻቸው ላይ «እጃችሁን ታጠቡ» የሚሉ ጨዋታዎች እንደ ቀድሞዎቹ የቅስቀሳ ድራማዎች ቶሎ የሚረሱ ይመስለኛል።

ባለፈው ዓመት ይህን ሐሳብ ኮምፒዩተር ሳያስፈልገን ከተማሪዎቼ ጋር ሞክረነዋል። የእናቴን ዓመት በገበጣ መልክ መሬት ላይ ሠራነው። አሥራ ሁለት ጉድጓዶች ወራት ሆኑ፤ ጠጠሩ እህል ነው፤ ከጎን አንድ የዘር ጉድጓድ አለ። ተጫዋቹ በየወሩ ለቤተሰቡ ይከፍላል፤ ሲያጥረው ከብት ይሸጣል፤ ዋጋው በየወሩ ይወርዳል። ከዘሩ መብላት ይፈቀዳል፤ ከበላ ግን የሚቀጥለውን ዙር የሚጀምርበት የለውም። የአዲስ አበባ ልጆች ሦስተኛው ወር ላይ ዘሩን በሉ። ከገጠር የመጡት አልነኩትም፤ አንዱ ከእነርሱ በጨዋታው ቤተሰቡ አልቆበት እንኳ ዘሩ ሙሉ ነበር። ክፍሉ ውስጥ የተነሳው ክርክር በዚያ መንፈቅ ካስተማርኳቸው አጫጭር ልብ ወለዶች የትኛውም አላስነሳውም።

ለክረምት አገር ቤት ስገባ ጨዋታውን ለእናቴ ደጅ ላይ ሠርቼ አሳየኋት። ደንቡን በጥሞና ሰማች። ጠጠሮቹን አየት አደረገችና «ይኼ ሰውዬ ጎረቤት የለውም?» አለችኝ። እኛ ለአንድ ቤት ብቻ ነበር የሠራነው። እርሷ ግን በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ አበድረው አንድ ጊዜ ተበድረው እንደነበር፣ አያቴም ዘሩን ሲጠብቁ የጎረቤትን ዘር አብረው ይጠብቁ እንደነበር አስታወሰችኝ። አሁን ሁለት ረድፍ አድርገነዋል፤ ጠጠሩ ወደ ጎረቤት ቤትም ይዘራል። ብድር ያልመለሰ ምን ይሁን በሚለው ደንብ ላይ ግን ተማሪዎቹ እስካሁን አልተስማሙም።